አውቶቡሱ የሚሰማበት መንደር

መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚመጣው። ከምሥራቅ በኩል፣ ሁለት ተራራ ተሻግሮ፣ አንድ ረጅም፣ እንደገና አንድ ረጅም፣ ከዚያ አንድ አጭር። ስሰማው ሁልጊዜ አንድ ትልቅ እንስሳ የሚያውቀው ሰው ጠፍቶበት ከሩቅ የሚጣራ ይመስለኛል። ከድምፁ በኋላ ሌላ ነገር አይመጣም። አቧራ አይነሣም፣ ጎማ አይታይም፣ በመስኮት ብቅ የሚል ፊት የለም። ድምፁ ሸለቆውን ሞልቶ ጥቂት ይቆይና ቀስ እያለ ይጎድላል። እኔም እስክሪብቶዬን አነሣና መዝገቡ ላይ «ተሰምቷል» ብዬ እጽፋለሁ። ሰዓቱንም እጽፋለሁ፤ ስድስት ሰዓት።

ሥራዬ ይኸው ነበር። የመንደራችን ሰሚ ነበርኩ።

አገሩን ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይኖርብኛል። አገራችን ሰፊ ናት። መንደሮቿ ከአራት መቶ ይበልጣሉ፤ አውቶቡሶቿ ሰባት ናቸው። የጉዞ ጽሕፈት ቤቱ ሰባቱን ለአራት መቶው እንዴት እንደሚያዳርስ ብዙ ዓመት ሲያስብ ኖረ። አንድ ጊዜ በዕጣ ሞከረው፤ ዕጣው ሦስት ዓመት ሙሉ የዕጣ አውጪዎቹ የትውልድ መንደር ላይ ወደቀ። ሌላ ጊዜ በፊደል ተራ ሞከረው፤ የመጀመሪያዎቹ መንደሮች አውቶቡስ ሰለቻቸውና ሲመጣ በራቸውን መዝጋት ጀመሩ፤ የመጨረሻዎቹ ግን ወሬውን እንጂ መልኩን ሳያዩ ቀሩ።

በመጨረሻ አንድ ባለሙያ ስብሰባ መሐል ተነሥቶ፣ «ለመሆኑ አንድ መንደር አውቶቡስ ደረሰው የምንለው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። ሰዎቹ ሲሳፈሩ ነው እንዳይባል፣ ሁሉም አይሳፈርም። ሲያዩት ነው እንዳይባል፣ ተራራው ይከልላል። «ሲሰሙት ነው» አለ ባለሙያው። ተጨበጨበ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአውቶቡስ ጡሩምባ የሚሰማበት መንደር ሁሉ «የተዳረሰ» ተብሎ ተመዘገበ። በአንድ ዓመት ሦስት መቶ አሥር መንደር ተዳረሰ። እንዲህ ያለ ዕድገት ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም።

የቀሩትን ለማዳረስ የሚያስፈልገው ጡሩምባውን ማሳደግ ብቻ ነበር። አሳደጉት። መጀመሪያ ጣራው ላይ የተሰቀለ ማንቆርቆሪያ የሚያህል ነበር አሉ። በሁለተኛው ዓመት የእንስራ አፍ አከለ። በሦስተኛው ዓመት የሚነፋው አየር ስላነሰው የአየር በርሜል ተጨመረለት። ጣራው በርሜሉን አልሸከም ስላለ ወደ ውስጥ አስገቡት። ይህን እንኳ ያወቅኩት በኋላ ነው።

የተዳረሰ መንደር ክብር አለው፤ ግዴታም አለው። ዋናው ግዴታ ሰው በቅሎ ላይ አለመቀመጡ ነው። የተዳረሰ መንደር ሰው በቅሎ ላይ ከታየ አውቶቡስ የሌለ ያስመስላል። ዕቃ መጫን ይቻላል፤ ዕቃ አያስመስልም። ከመንደሩ በፊት፣ ጡሩምባው መሰማት የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ ኖራ የተቀባ ድንጋይ አለ። በበቅሎ የመጣ መንገደኛ እዚያ ወርዶ በእግሩ ይገባል።

ሰሚ የሚሆን ሰው ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ መስማትና መጻፍ። በመንደራችን ከእማማ ዝማም የሚበልጥ ጆሮ አልነበረም። ዓይናቸውን ደመና ከሸፈነው ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጆሯቸው ግን የሰውን እርምጃ ከነጫማው ይለያል። «ደህና አደርክ፤ ሶልህን አስቀየርክ እንዴ?» ይሉኛል ገና ከሩቅ። መፈረም ግን አይችሉም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ውጤቴ የትም አላስገባኝም፤ በጂኦግራፊ ግን ጎበዝ ነበርኩ፤ አይቻቸው የማላውቃቸውን ወንዞች ከምንጫቸው እስከ ባሕራቸው በቃሌ እወርዳቸዋለሁ። ስለዚህ ተቀጠርኩ። ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩ፤ ያልሰማሁትን «ተሰምቷል»፣ የሰማሁትን «አልተሰማም» ብዬ ላልጽፍ።

መስሚያ ቤቱ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ ነው። የቆርቆሮ ጣራ፣ ሦስት ግድግዳ፣ ወደ ምሥራቅ የዞረ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ከኋላ አንድ አልጋ ብቻ የምትይዝ ጓዳ አለች። እናትና አባቴ ካረፉ ወዲህ የመንደሩ ቤት ሰፍቶኝ ስለነበር ጓዳዋ ውስጥ መኖር ጀመርኩ። አግዳሚው አሥራ ሁለት ሰው ይይዛል። የሚቀመጥበት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ወደ ጉብታው የሚወጣበት ምክንያት አልነበረውም፤ ድምፁ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። እኔ ሁሉም ጋ እንዲሞቅ ብዬ ቦታ እየቀያየርኩ እቀመጥ ነበር።

ድምፁ ሲመጣ ዓይኔን ጨፍኜ የአውቶቡሱን ውስጥ አያለሁ። ተሳፋሪዎች ነበሩኝ፤ አሥራ አንድ። ሦስተኛው ረድፍ መስኮት ጋ ብርቱካን እየላጠች ለማታውቃቸው ሰዎች የምታድል ሴት ነበረች። ከኋላዋ የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ሻንጣቸው ግን አንድ። በየፌርማታው «እዚህ ነው፣ እዚህ ነው» እያሉ የሚነሡና የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌም ነበሩ። አሥራ ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነበር። የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

አዝመራው እንደተሰበሰበ ወሬ መጣ። ዋናው ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አንድ የዓይን ሐኪም አለ፤ ደመና የሸፈነውን ዓይን ይገልጣል፤ ዝናብ ሲጀምር ወደመጣበት ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን እማማ ዝማም በልጃቸው በትርንጎ እጅ እየተመሩ ጉብታውን ወጡ። አራት ጊዜ አረፉ። ጉልበታቸው እስከ ወንዙ እንኳ አያደርሳቸውም፤ ዋናው ከተማ ደግሞ በእግር አምስት ቀን ነው።

ትርንጎ ገመድ ሠሪ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳን ሳያልፍ አይቀርም። ላለፉት ስድስት ዓመታት ለእናቷ ዓይን ሆና ኖራለች። እናቷን አስቀምጣ የቃጫ ነዶዋን አጠገባቸው አወረደችና ወደኔ ዞረች።

«አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ይሰማል።»

«መሰማቱንማ እኔም እሰማዋለሁ። የሚመጣው ነው ያልኩህ።»

«ወደተዳረሰ መንደር አይመጣም።»

«ማነው የተዳረሰው?»

«እኛ።»

ዙሪያዋን አየች፤ ጉብታውን፣ ኖራ የተቀባውን ድንጋይ፣ ባዶውን መንገድ። «አላወቅኩም ነበር» አለችና ቃጫዋን መግመድ ጀመረች።

ጥቂት ቆይቶ እማማ ዝማም አመልካች ጣታቸውን ቀና አደረጉ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ድምፁ መጣ።

«ዛሬ ጉንፋን ይዞታል» አሉ እማማ ዝማም። «አጭሯ ላይ ሻከር ብሏል።»

ጻፍኩ። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱም መጡ። ከዚያ ወዲያም በየቀኑ። አይመጣም እያልኳት ለምን እንደምትመላለስ ትርንጎን ብጠይቃት፣ «ወንበሩ ታዲያ ለምን ተሠራ?» አለችኝ። አንድ ቀን ጋሽ ደምስ፣ ጨው የሚያመላልሰው ባለበቅሎ፣ አራት በቅሎዎች እየነዳ በጉብታው ሥር ሲያልፍ ትርንጎ ወርዳ መንገዱን ዘጋችበት።

«ጋሽ ደምስ፣ አንዷ ባዶ ናት። እናቴን አድርስልኝ።»

«ሰው አልጭንም፤ ታውቂ የለም። እሺ፣ ጆንያ ውስጥ ከገቡልኝ እጭናለሁ። ጆንያ ውስጥ ያለ ነገር ዕቃ ነው።»

«ጆንያው ምን የያዘ ነበር?» አሉ እማማ ዝማም ከላይ።

«በርበሬ።»

«ዓይኔን ላድን ብዬ ነው እንጂ ላጠፋው ነው እንዴ የምሄደው?»

ጋሽ ደምስ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አምና አንዲት ነፍሰ ጡር ጭኜ ሁለት በቅሎ ወሰዱብኝ። ልጁ ድንጋዩ ጋ ተወለደ። ስሙን እንኳ አላወቅኩትም።» በቅሎዎቹን ነድቶ ሄደ።

ወር ሳይሞላ ተቆጣጣሪው መጣ። አቶ ምንተስኖት ይባላል፤ የመስሚያ ቤቶች ተቆጣጣሪ ነው። ከድንጋዩ ጀምሮ በእግሩ እያነከሰ ሲወጣ አየነው፤ ኮርቻ የተጫነች ባዶ በቅሎ ትከተለዋለች። አግዳሚው ላይ ወድቆ ጫማውን አወለቀ። ተረከዙ ተልጦ ነበር።

«በቅሎዋ አሟት ነው?» አለች ትርንጎ።

«ደህና ናት።»

«ታዲያ አይቀመጡባትም?»

«በተዳረሰ መንደር?» አለ እንደተሰደበ ሰው።

መዝገቡን ገለጠ። ገጽ በገጽ «ተሰምቷል፣ ተሰምቷል» የሚለውን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ደስ አለው። «አንድም ቀን አላመለጠህም። ዋናው ቢሮ ስምህ ይነሣል።»

ሰው ስሜን የሚያነሣበት ቢሮ መኖሩ አበረታኝ መሰል፣ ለብዙ ጊዜ የያዝኩትን ጠየቅኩት። «አቶ ምንተስኖት፣ ሦስተኛው ረድፍ መስኮት ጋ የሚቀመጠው ማነው?»

«የት?»

«አውቶቡሱ ውስጥ።»

«የምን ረድፍ? ወንበሮቹ ከወጡ ስንት ጊዜያቸው። ሙሉ በርሜል ነው እኮ። ከሹፌሩ ጀርባ አንዲት ወንበር ቀርታለች፤ እሷም በመጪው በጀት ትነሣለች።»

በዚያች ደቂቃ አሥራ አንድ ሰው ሞተብኝ። የሚያለቅስላቸው ዘመድ አልነበራቸውም።

ትርንጎ ግን ቃጫዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ሰው የሚሳፈረው መቼ ነው?»

«መንደሩ ካልተዳረሰ ነዋ።»

«ያልተዳረሰ መንደር አለ?»

«በዚህ ዓመት የለም» አለ፤ በኩራት ነው ያለው።

«አንዱ መንደር አልሰማሁም ቢልስ?»

«አንቀጽ ዘጠኝ» አለ አቶ ምንተስኖት ጫማውን መልሶ እያጠለቀ። «ሠላሳ ቀን ሳያቋርጥ አልተሰማም ከተባለ አውቶቡሱ ራሱ ሄዶ ያረጋግጣል። እውነትም ካልተሰማ አንድ ሰው አሳፍሮ ይመለሳል። ሰው ከተሳፈረ መንደሩ ተዳረሰ ማለት ነው፤ ፋይሉ ይዘጋል። ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም።»

«ሰሚውስ?» አልኩ።

«የማይሰማ ሰሚ?» አለና ሳቀ። መዝገቡን መለሰልኝ። በቅሎዋን አስከትሎ እያነከሰ ወረደ። ከድንጋዩ ሲያልፍ ተቀመጠባት።

ትርንጎ በዓይኗ ሸኘችውና፣ «አልተሰማም ብለህ ጻፍ» አለችኝ።

«እሰማለሁ እኮ።»

«ብትሰማስ ምናለበት?»

«ምያለሁ።»

የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሰደበችኝም። በማግስቱ ስትመጣ በእጇ ጥጥና ከቀፎ የወጣ ሰፈፍ ይዛ ነበር። ሰፈፉን በመዳፏ አሙቃ ከጥጡ ጋር ለወሰችው።

«መሐላህን አትንካ። ጆሮህን ድፈነው። ካልሰማህ አልሰማህም፤ ማን ውሸታም ይልሃል?»

«ኧረ የሰው ልጅ አታደንቁሪ» አሉ እማማ ዝማም።

«ለሠላሳ ቀን ነው፣ እማዬ።»

እውነቱን ለመናገር፣ እምቢ ያላልኩት ለእማማ ዝማም ዓይን ብቻ ብዬ አይደለም። ሥራዬን እንደማጣ አውቄያለሁ። አውቶቡሱ ከመጣ ሁለቱም እንደሚሄዱና አግዳሚው እንደገና የእኔ ብቻ እንደሚሆን አውቄያለሁ። ግን ጥጡ በትክክል መደፈኑን የሚያይ ሰው በየቀኑ መምጣት ነበረበት። ሠላሳ ቀን ብዙ ነው። ራሴን ዘንበል አደረግኩላት። ጣቶቿ ቃጫ ቃጫ ይሸታሉ። መጀመሪያ ቀኙን ደፈነች፤ ከዚያ ግራውን። የመጨረሻ የሰማሁት፣ «አመመህ?» ስትል ነው።

አላመመኝም።

ዓለሙ ራቀ። ነፋስ ሣሩን ሲያስተኛው አያለሁ፤ ነፋሱ ግን የሌላ አገር ነፋስ ይመስላል። ጡሩምባው ሊዘገይም ሊቀድምም ስለሚችል ጥጡን ቀንም ሌሊትም አላወጣሁትም። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ምንም አልሰማሁም። ደስ ብሎኝ እስክሪብቶዬን ሳነሣ ግን የእማማ ዝማም ጣት ቀና ብሎ አየሁት።

ተጨነቅኩ። የሰማ ሰው ጣት ማየት መስማት ነው ወይስ አይደለም? መመሪያው ስለ ጣት የሚለው ነገር አልነበረም። ያን ቀን «አልተሰማም» ብዬ ጻፍኩ፤ ሌሊቱን ግን አልተኛሁም። ጠዋት ጭንቀቴን ለትርንጎ ነገርኳት። የራሴ ድምፅ ከጭንቅላቴ ውስጥ ስለሚንቋቋ ምን ያህል ጮክ እንዳልኩ አላውቅም፤ ብቻ እማማ ዝማም ጆሯቸውን ያዙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ትርንጎ ገመዷን ታስቀምጥና የእናቷን እጅ በእጇ ትሸፍነዋለች። ጣቱ ከሥር ቀና ሊል ሲታገል፣ እጇም ዝቅ ሲያደርገው፣ ከዳር አያለሁ። ወዲያው ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። «አልተሰማም» እጽፋለሁ።

አሥረኛው ቀን አካባቢ ትርንጎ ታወራኝ ጀመር።

እማማ ዝማም ከምሳ በኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ያንቀላፋሉ። ያኔ እሷ ገመዷን ይዛ ወደኔ ጫፍ ትመጣለች። እየገመደች፣ ወደኔ ሳይሆን ወደ ገመዱ እያየች፣ ታወራለች። ብዙ ነው የምታወራው። አንዳንዴ ትስቃለች። አንዳንዴ ከንፈሯ ይቆምና ጣቷ ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ እንደገና ትቀጥላለች። መጀመሪያ ጽፋ እንድታሳየኝ መዝገቡን ሰጠኋት፤ ራሷን ወደ ጎን ነቀነቀች፤ ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ቀን ዓይኗ እንባ ሲሞላ አየሁና ጥጡን ላወጣ እጄን ወደ ጆሮዬ ሰደድኩ። እጄን ያዘችና ወደ ጭኔ መለሰችው። ለመሐላዬ አስባ ይሁን ወይም ሌላ፣ አላወቅኩም። ማውራቷን ግን ቀጠለች።

በሕይወቴ እንደዚያ ያወራኝ ሰው የለም። ባዶ እንዳልሆንባት ብዬ አልፎ አልፎ ጭንቅላቴን እነቀንቅ ነበር፤ እሺ እንደሚል ሰው።

አንድ ቀን፣ ሃያ ስድስተኛው ወይም ሃያ ሰባተኛው፣ ስታወራ ቆይታ ጨረሰችና ቀና ብላ አየችኝ። የጠየቀችኝ ነገር እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል። ጠበቀች። ዓይኗን ሳትነቅል ነው የጠበቀችኝ። ነቀነቅኩ። እሺ።

እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ተነሥታ ወደ እናቷ ሄደች፤ ሻርፓቸውን አስተካከለችላቸው፤ ሳያስፈልግ ሁለቴ አስተካከለችው። ያችን መነቅነቅ ከዚያ ወዲህ ካጠናኋቸው ወንዞች ሁሉ የበለጠ አስቤያታለሁ።

ሠላሳው ቀን ሞላ። ገጹን ቀድጄ ለጋሽ ደምስ ሰጠሁት፤ ወረቀት ዕቃ ስለሆነ በቅሎ ላይ ይሄዳል። ጥጡን ግን አላወጣሁትም። ለማረጋገጥ ሲመጡ እየሰማሁ ቢያገኙኝ ሠላሳው ቀን ከንቱ ይሆናል። ደመናው ከምዕራብ መከማቸት ጀምሮ ነበር። ከሳምንት በላይ ማንም አልመጣም።

በእነዚያ ቀናት ትርንጎ የገመደችውን ሁሉ አንድ ላይ ቀጠለችው። ገዢ የሚፈልገው የበሬ መጥለፊያ የሚያህል ነው፤ ይኸ ግን ጉብታውን ሁለት ጊዜ ይዞራል። አንድ ጠዋት አንዱን ጫፍ ቤታቸው በር ላይ አሠረች። ከዚያ በአጥሩ፣ በአንድ ግራር ዛፍ፣ በአንድ ቋጥኝ ጥግ እየወጠረች እስከ መስሚያ ቤቱ ምሰሶ አመጣችውና ቋጠረችው። እማማ ዝማምን አምጥታ እጃቸውን ገመዱ ላይ አስቀመጠች፤ ከኋላ ሆና እየተከተለቻቸው፣ በየመሐሉ እያረፉ ሦስት ጊዜ ወጥተው ወረዱ። በሦስተኛው አልነካቻቸውም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃትም መልሱን አልሰማም ነበር።

አውቶቡሱ የመጣው በአርባኛው ቀን ነው። መጀመሪያ በአግዳሚው እንጨት ተሰማኝ፤ ሥሩ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ። ቀጥሎ የእማማ ዝማም ጣት ተነሣ፤ ትርንጎ ዝቅ አላደረገችውም፤ ተነሥታ ቆማ ነበር። ከዚያ አቧራው። ከዚያ ራሱ።

እንዲህ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። ረጅምና አረንጓዴ ነበረ፤ ቀለሙ ጠውልጓል። ጣራው ላይ ያለው የጡሩምባ አፍ ጎተራ ያህላል። በመስኮቶቹ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የቆሙ በርሜሎች ይታያሉ፤ ልክ ሰው እንደሆኑ በተርታ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ከሩቅ ቆመ። አቶ ምንተስኖት ከሹፌሩ ጎን ተነሥቶ ወረደ። ወረቀት አወጣና ጻፈልኝ።

«ትሰማለህ?»

«አልሰማም» ብዬ ጻፍኩ።

ወደ ሹፌሩ እጁን አነሣ። የቆርቆሮው ጣራ ተርገበገበ፤ ውሾቹ መሬት ላይ ተኙ፤ አንዲት ሴት የተሸከመችውን እንስራ ጣለች። አቶ ምንተስኖት እንደገና ጻፈ። «አሁንስ?»

አሰብኩ። መሐላ መሐላ ነው። «በጥርሴ ተሰምቶኛል። በጆሮዬ አልሰማሁም።»

ከኪሱ መመሪያውን አውጥቶ አገላበጠ። በመጨረሻ፣ «መመሪያው ላይ ጥርስ የለም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። መዝገቡን ተቀበለኝ። እስክሪብቶውንም ተቀበለኝ። ከዚያ ወደ ትርንጎና ወደ እናቷ ዞሮ አንድ ጣቱን ቀና አደረገ። አንድ ሰው።

ትርንጎ የሆነ ነገር አለችው። አጭር ነበር። ጣቱን አልቀየረም፤ በሩን ከፍቶ ከሹፌሩ ጀርባ ያለችውን ወንበር አሳያት። ከዚያች ወንበር በቀር በርሜል ብቻ ነበር።

እማማ ዝማም አዲስ ነጠላቸውን ለብሰው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዱላቸው ጉልበታቸው መሐል ነው። ዓይነ ስውር ሴት ብቻዋን ሄዳ ከማታውቀው ከተማ የማታውቀውን ሐኪም እንዴት እንደምታገኝ ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰብኩትም። ሁለት ሰው ሲሄድ ብቻ ነበር የታየኝ። እንደምንም አንድ ነገር ላድርግ ብዬ አጠገባቸው የነበረውን ጓዝ አነሣሁና የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አስቀመጥኩት።

ትርንጎ ጓዙን አየችው። ከዚያ ወደ እናቷ ሄዳ በርከክ አለች። የእማማ ዝማምን ቀኝ እጅ ይዛ ገመዱ ላይ አስቀመጠችው፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈችላቸው። ምንም አላለችም። ከንፈሯን እያየሁ ነበር።

ተነሣችና ወደኔ ዞረች። እሺ ብዬ እንደነቀነቅኩላት ቀን አየችኝ፤ ዓይኗን ሳትነቅል። የምትጠብቀውን አላወቅኩም። ጭንቅላቴም አልተነቀነቀም።

ጓዙን ፈታች። የእናቷን ሻርፕ አውጥታ ደረጃው ላይ አስቀመጠች፤ የቀረውን አሥራ በብብቷ ያዘች። ደረጃው ሦስት ነው። ወጣች። በሩ ተዘጋ። በመስኮት አየኋት፤ ወደፊት ነበር የምታየው። አውቶቡሱ ሲዞር በርሜሎቹ ጋረዷት።

እማማ ዝማም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀምጠዋል። የልጃቸውን እርምጃ ከስንት ሰው መሐል የሚለዩ ሴት ናቸው፤ ሦስቱን ደረጃ ቆጥረዋል። አልተነሡም። አልጠየቁኝም። ሻርፑን አንሥቼ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩት። ከዚያ አጠገባቸው፣ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ገና አልቀዘቀዘም።

አቧራው ከሁለተኛው ተራራ በስተጀርባ ገባ። ጆሮዬ አሁንም እንደተደፈነ ነው። የሚጻፍበትም አልነበረኝም። ጥቂት ቆይቶ የእማማ ዝማም ግራ እጅ ከጭናቸው ላይ ተንቀሳቀሰ። ጣታቸው ቀና አለ። አንድ ረጅም፣ እንደገና አንድ ረጅም፣ ከዚያ አንድ አጭር የሚያህል ጊዜ አለፈ። ጣቱ እንደቆመ ቀረ፤ የሚያወርደው እጅ አልነበረም።